የቁልቁለት ምስክር

ደሴ ውስጥ ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» ካለ በኋላ «ስንት ይዛ አደረች?» ይላል። መኪናዋን ነው። በሁለት ሺህ ሰማንያ አራት ዓ.ም. ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ እንደ ኩርፊያ ይቆጠራል። መልሱም የራሱ ወግ አለው። መኪናው ሰማንያ ስምንት ፐርሰንት ይዛ ያደረችለት ሰው «ኧረ ሰባ ብትሆን ነው» ይላል። መቶ ከሞላችለት ደግሞ ስለ ዝናቡ ያወራል። ባትሪ ዓይን ይፈራል የሚባለውን እስካሁን ያረጋገጠ የለም፤ ለመሞከር የደፈረም የለም።

ሉባባ ይመር አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መነጽር ትሠራለች። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ፒያሳ ባለችው ጠባብ ሱቋ ሌንስ ስትሞርድ ትሰነብትና ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሌንሶቿን፣ መሞረጃዋንና የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳዋን ጭና ባቲ ገበያ ትወርዳለች። ሹፌር አልባዎቹ የከተማ መኪኖች የሚሄዱት እስከ ኮምቦልቻ ብቻ ነው፤ ካርታቸው እዚያ ያልቃል። የሰው ዓይን ግን ካርታው ካለቀበት ወዲያም ይደክማል። ስለዚህ ባቲ ለመውረድ መሪ ያለው መኪና ያስፈልጋል። ደሴ ውስጥ መሪ ያላቸው መኪኖች ሦስት መቶ አይሞሉም፤ ከነሱ አንዷ የሉባባ ናት።

ሰው «እንቁራሪት» ይላታል፣ መብራቶቿ ስለፈጠጡ። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ የለም። የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ስሟ የተጻፈበት ቆርቆሮም ከዚያ ቀደም ብሎ ወድቋል። ውስጧ አንዲት ሴት አለች፤ ቁልቁለት በተጀመረ ቁጥር በሠሪዎቿ አገር ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። የሉባባ አባት «መልካም መንገድ እያለችሽ ነው» ብሏት ነበር። ሉባባም ለሃያ ስድስት ዓመት «አሜን» ስትል ኖራለች። ምርቃትን ማን ያስተረጉማል?

በዚህ ዓመት እንቁራሪቷ ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ቆመችባት። ሦስቱም ጊዜ ከባቲ ስትመለስ ነው፣ ሦስቱም ጊዜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው አቀበት ላይ። በጥቅምት ስትቆም ሉባባ በብርዱ አሳበበች። በታኅሣሥ በጭነቱ አሳበበች። በየካቲት የምታሳብብበት ስታጣ መኪናዋን ሰደበቻት።

ሦስት ጊዜ የቆመች መኪና ለታማኝነት ምዘና ትጠራለች። ሕጉ አጭር ነው። መኪናዋ ሁልጊዜ የምትመላለስበትን መንገድ፣ ሁልጊዜ የምትጭነውን ጭነት ይዛ፣ መንገድ ላይ ባትሪ ሳትሞላ፣ በዚያው ቀን ደርሳ መመለስ አለባት። ከተመለሰች የታርጋ ሰሌዳዋ ይታደሳል። ካልተመለሰች ባትሪዋ ወጥቶ የሰፈሩ መብራት ማጠራቀሚያ ግንብ ውስጥ ይተከላል፣ ቀሪው አካሏ ለብረት ይሰጣል። ሕዝቡ ይህን «ግድግዳ ገባች» ይለዋል። መኪናው ግድግዳ የገባችበት ሰው ቤት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ትንሽ ዝም ተብሎ ይቀመጣል፣ ሲወጡም «ብርሃን ታርገው» ይባላል። ሲጀመር ቀልድ ነበር። አሁን የሚስቅበት የለም።

ሉባባ ለሌላ መኪና ብትመዘገብ ተራዋ በዘጠኝ ዓመት ይደርሳታል። ባቲ ላይ የሚጠብቃት ደግሞ መቶ አርባ ሦስት ዓይን ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነው አንዱ ደንበኛዋ በአንድ ዓይኑ ስለሚያይ ነው።

ከምዘናው በፊት በነበረው ዓርብ መኪናዋን ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ወሰደቻት። ትርንጎ ሆጤ ሜዳ አጠገብ ጋራዥ ያላት የባትሪ ሐኪም ናት፤ ሰባ አንድ ዓመቷ ቢሆንም አሁንም መኪና ሥር ትገባለች፣ ለመውጣት ነው ሰው የምትጠራው።

«ባትሪው ደህና ነው» አለች ከሥር ሆና።

«ታዲያ ለምን ትቆማለች፣ እትዬ?»

«እኔ እንጃልሽ። አንድ በአንድ አዳምጬዋለሁ። የኔ ጉልበት እንደሱ ቢሆን ባል አገባ ነበር።»

«ሆጤን ዞረሽ ሞክረሻታል?»

«አራት ጊዜ ዞሬያለሁ። ሜዳ ላይ ምንም አትልም።» ትርንጎ እጇን ዘረጋች፣ ሉባባ ጎትታ አወጣቻት። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የፍሬን ሸራ ትበያለሽ።»

«መኪናዋ ናት የምትበላው።»

«የኤሌክትሪክ መኪና ሸራ አሥር ዓመት ይቆያል። አንቺ በዓመት ሁለቴ። ምን እያደረግሽው ነው፣ እየጠበስሽ?»

«መንገዴ ቁልቁለት ነዋ።»

«ቁልቁለቱንማ ሁሉም ይወርደዋል» አለች ትርንጎ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። ከዚያ በላይ አላሰበችበትም። ደንበኞች ይጠብቁ ነበር።

ሰኞ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መዛኙ አቶ ገድሉ ምትኩ በር ላይ ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሰሌዳ ላይ የተቆነጠጠ የወረቀት ቅጽና ሁለት እስክሪብቶ ይዟል። የወረቀቱ ነገር ታሪክ አለው። ቀደም ሲል መኪኖች ስለራሳቸው ራሳቸው ይመሰክሩ ነበር። ከዚያ ባለቤቶች መኪኖቻቸውን ውሸት አስተማሯቸው። አንዲት መኪና መቀሌ ደርሳ መመለሷን ከነሰዓቱ ባስረዳችበት ቀን ጓሮ ቆማ፣ ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ሲጥሉ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ወደ ሰውና ወደ ወረቀት ተመለሰ። መዛኙ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ያየውን ይጽፋል። መጠየቅ ይችላል። መምከር ግን አይፈቀድለትም።

«ስንት ይዛ ትነሳለች?» አለ ገድሉ እንደተቀመጠ።

«ኧረ... ሰባ ብትሆን ነው።»

ገድሉ መሪው ፊት ያለውን የባትሪ መቁጠሪያ ሰሌዳ አየ። ሰማንያ ስምንት ይላል።

«ወይዘሮ ሉባባ፣ እኔ ቡዳ አይደለሁም፣ መዛኝ ነኝ።»

ሉባባ መስኮቱን ዘጋች። «ሰማንያ ስምንት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ገድሉ ጻፈ። ተነሱ።

ከደሴ እንደወጡ መንገዱ ወደ ታች አዘነበለ። ውስጥ ያለችው ሴት ዓረፍተ ነገሯን ተናገረች።

«አሜን» አለች ሉባባ።

«ምን አለች?»

«መልካም መንገድ።»

«ቋንቋውን ያውቁታል?»

«አባቴ ነው የነገረኝ።»

«እሳቸው ያውቁት ነበር?»

«አይ።»

ገድሉ «ድምፅ፦ አለ» ብሎ ጻፈና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ገድሉ ጠንቃቃ መዛኝ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይኑን ከመንገድ ነቅሎ አያውቅም። ጉድጓድ ይጽፋል፣ ጭቃ ይጽፋል፣ መንገድ ያቋረጠች ፍየል ይጽፋል። እንቁራሪቷ ዝም ብላ ተንሸራተተች፤ ሉባባ ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍሬን ትረግጣለች፣ ትለቃለች፣ ትረግጣለች። ኮምቦልቻ ሲገቡ ሰሌዳዋ ሰማንያ ሁለት ይል ነበር።

«ይህ ሁልጊዜም እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜም። ቁልቁለቱ ላይ ብዙ አትበላም፤ መልሱ ላይ ነው የምታጠፋኝ።»

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መጀመሪያ ተራራ ይወጣል፣ ከዚያ ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ስልሳ ስድስት ነበር። እዚያ ላይ የገድሉ እስክሪብቶ አመለጠውና እግሩ ሥር ወደቀ። ሊያነሳ አጎነበሰ። እንዲህ አጎንብሶ፣ ጭንቅላቱ ከማርሹ ትይዩ ሆኖ ሳለ፣ የሉባባ ቀኝ እጅ ከመሪው ሲወርድ አየ። እጁ ማርሹን ወደ ፍሪ ገፋ፣ ጎማውን ከሞተሩ ነጠለና ወደ መሪው ተመለሰ። ሥራውን ጨርሶ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ሠራተኛ ነበር። የመኪናዋ ሴትዮ ተናገረች። ሉባባ አሜን አለች።

ገድሉ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ይህን ለምን አደረጉ?»

«ምኑን?»

«አሁን እጅዎ ያደረገውን።»

ሉባባ እጇን አየችው። እጇ ምንም ያደረገ አይመስልም። «ምን አደረገ?»

«ማርሽ ነካ።»

«እ! ፍሪ አደረግኋታ። ቁልቁለት ነው እኮ።»

«ቁልቁለት መሆኑን ጽፌያለሁ። ፍሪ ለምን?»

«እንዴ አቶ ገድሉ! ቁልቁለት በፍሪ ነው የሚወረደው። አያቴ በዚሁ መንገድ በኤንትሬ ጭነት መኪና አሰብ ሲመላለስ እንዲሁ ነበር። አባቴ በሚኒባስ እንዲሁ ነበር። እኔን ሲያስተምረኝ መጀመሪያ ያሳየኝ እሱን ነው፣ ከቀበቶ ማሰር በፊት።»

«ለምን ጥቅም?»

«ለመቆጠብ ነዋ።»

«ምን ለመቆጠብ?»

ሉባባ አፏን ከፈተች። «ነዳጅ» አለች።

ደሴ ውስጥ የመጨረሻው ማደያ ሲዘጋ ሉባባ አምስት ዓመቷ ነበር። ቃሉን ከአባቷ አፍ እንጂ ከራሷ አፍ ሰምታው የምታውቅ አልመሰላትም።

«ነዳጅ» አለች እንደገና፣ ያልታወቀ ሰው ስም እንደምታነብ።

ገድሉ ጻፈ።

ሉባባ እጇን ወደ ማርሹ ሰደደች። በዚህ ጊዜ እያየችው ነበር። ማርሹን ወደ ቦታው መለሰች። እንቁራሪቷ አንድ ሰው ከኋላ ጅራቷን የያዛት ይመስል ወደ ኋላ ተጎተተች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ያለ ፍሬን፣ መውረድ ጀመረች። ውስጥ ያለችው ሴት በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ዝም አለች።

«ራሷን እየያዘች ነው» አለች ሉባባ። «ስትይዝ... ስትይዝ ደግሞ ባትሪዋን ትሞላለች። ትርንጎ ይህን ስታወራ ሰምቻለሁ። የአዲሶቹ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አቶ ገድሉ፣ ልክ ነኝ?»

«መዛኝ አይመክርም።»

«እሺ፣ አንገትዎን ይነቅንቁ።»

«እሱም ምክር ነው።»

«ዓይንዎን ይጨፍኑ እንግዲያው!»

ገድሉ ዓይኑን በጣም ገልጦ፣ ሳያርገበግብ፣ ወደፊት ተመለከተ። የሉባባ እግር ግን ገና አላመነም፤ መኪናዋ በያዘች ቁጥር እሷም ደርባ ፍሬን ትረግጥ ነበር፣ ግማሹ ትርፍ በሸራው አለቀ። ቢሆንም ባቲ እስኪደርሱ ሰሌዳዋ ስልሳ ስድስት ላይ ቆማ ቀረች። ሌላ ጊዜ ባቲ ስትገባ ሃምሳ ስድስት ነበር የሚቀራት፤ ለመልሱ ገበያው ላይ ትንሽ ሞልታ ነበር የምትነሳው፣ ምዘናው ግን ይህን አይፈቅድም።

ገበያው ወሬውን ቀድሞ ሰምቶታል። ሉባባ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳዋን ሰቅላ ሳትጨርስ የግመል ነጋዴው ኡመር መጣ። ኡመር ያው በአንድ ዓይኑ የሚያየው ደንበኛዋ ነው።

«ዛሬ መኪናሽ ትወድቃለች አሉ።»

«ማን አለ?»

«ገበያው።»

«ገበያው መንጃ ፈቃድ አለው?»

«ብትወድቅም አትዘኚ። ግመል እሰድልሻለሁ። ደሴ ድረስ በሁለት ቀን።»

«ስንት ፐርሰንት ይዞ ያድራል?»

«ጠግቦ ካደረ አይጠየቅም» አለ ኡመር፣ ወደ ገድሉ አጮልቆ እያየ። «ይሄ ነው ገዳዩ?»

ገድሉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሻይውን የከፈለው ራሱ ነው፤ መጋበዝ አይፈቀድለትም።

ከሰዓት በፊት አሥራ አራት ሰው አየች። የመጨረሻዋ መርየም ነበረች፣ ስድሳ ምናምን ዓመት የሆናት ልብስ ሰፊ። ለመርየም የደረሰላት የቀኙ ሌንስ ብቻ ነው፤ የግራው ሲሞረድ ተሰንጥቆ እንደገና ተጀምሯል።

«የግራው የሚቀጥለው ሰኞ፣ እማ መርየም።»

መርየም ባለ አንድ ሌንስ መነጽሯን አድርጋ የመርፌዋን ቀዳዳ ፈለገች። አገኘችው። ክሩን አስገባችና ቀና ብላ ሉባባን፣ ከዚያ መኪናዋን፣ ከዚያ ገድሉን በቀኝ ዓይኗ አየች።

«ልጄ፣ ሰኞ ትመጫለሽ?»

ሉባባ እመጣለሁ ብላ ልትምል ነበር። አላለችም። «መምጣት ነው የምፈልገው» አለች። መርየም መነጽሩን አወለቀችና በመሐረብ ጠቅልላ፣ እንዳይጎዳባት ይመስል፣ ከጉያዋ አስገባችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ተነሱ። ሉባባ በጭንቅላቷ ደምራ ጨርሳለች። ከባቲ ኮምቦልቻ፣ የተራራውን ቁልቁለት በማርሽ ብትወርደውም፣ ሠላሳ ስድስት ይሄዳል፣ ስለዚህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሠላሳ ይቀራታል። የደሴ አቀበት ሠላሳ አንድ ይበላል።

«አንድ» አለች።

«ምን አሉ?»

«አንድ ፐርሰንት ይጎድለኛል። ጠዋት ከደሴ ስንወርድ በፍሪ ያፈሰስኩት ስድስት ነው። ከስድስቱ አንዷን ብቻ ብትሰጠኝ።»

ገድሉ ስድስቱን እሱ ይዟቸው እንደሄደ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ተራራውን ቀስ ብለው ወጡ። ማራገቢያውን ዘጋች፣ ሬዲዮኑን ዘጋች። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯ ፍሬን ለመርገጥ እንዲያፍር። ኮምቦልቻ ሠላሳ። ጭነት መቀነስ ክልክል ነው፤ ገድሉም ጭነት ነው፣ ወርዶ ልሂድ ቢልም አይፈቀድለትም። አላለምም። ግን ጃኬቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ክብደቱ ያው መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

አቀበቱ ላይ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ሃያ ሁለት። አሥራ አምስት። በጥቅምት የቆመችበትን ኩርባ አለፉ። ዘጠኝ። በታኅሣሥ የቆመችበትን አለፉ። አምስት ላይ በየካቲት የቆመችበትን ድንጋይ ሲያልፉ ሉባባ መስኮቱን ከፍታ ድንጋዩ ላይ ምራቋን እንትፍ አለች። ሦስት። የደሴ ቤቶች ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያበራ ታየ። ሁለት። አንድ።

እንቁራሪቷ ከከተማው መግቢያ ዘጠኝ መቶ ሜትር ሲቀራት ቆመች። መብራቶቿ አንዴ ቦግ አሉና ጠፉ።

ሉባባ እጆቿን ከመሪው ሳታነሳ ተቀመጠች። በመንገዱ ዳር ያለፉ ሁለት ሴቶች ቆም ብለው አዩዋት፣ መዛኙን አዩ፣ ገባቸው። ቀረብ ብለው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «ብርሃን ታርገው» አሉና ሄዱ።

ገድሉ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ስልሳ አንድ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ግድግዳ ያስገባኋቸው መኪኖች። በአሥራ አንድ ዓመት። አብዛኞቹ የቆሙት በዚሁ አቀበት ላይ ነው። አቀበቱን ነበር የምጽፈው፤ ስንት ጊዜ ተነፈሰች፣ የት ደከመች። ጠዋት ሲወርዱ መንገዱን ነበር የማየው።» እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «የሹፌሮቹን እጅ አላየሁም።»

ገድሉ ቅጹን ገልብጦ ከኋላው ያለውን፣ ማንም የማያነበውን ክፍል ማንበብ ጀመረ፤ ጣቱን ከሥር እያስከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። አንድ ቦታ ቆመ። ጻፈ። ከዚያ ሰሌዳውን አቀበላት።

«ይፈርሙ።»

ሉባባ አነበበች። *መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማለች፦ አዎ።* ከሥሩ ትንንሽ ሦስት ሳጥኖች ነበሩ፤ *የቆመችበት ምክንያት፦ ተሽከርካሪው፣ መንገዱ፣ አሽከርካሪው።* ምልክቱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው።»

«እኔ ነኝ የማልታመነው? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መንጃ ፈቃድ ይዤ! አንድ ቀን ሰው ሳልነካ!»

«ቅጹ ስለ ሰው መንካት አይጠይቅም።»

«አቶ ገድሉ፣ እኔ በዚህ ከተማ የተከበርኩ...» አለች። ዓይኗ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። «ቆይ። መኪናዋስ?»

«መኪናዋ ታማኝ ናት። ምንም አልተገኘባትም። ሰሌዳዋ ይታደሳል።» ገድሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሽከርካሪዋ ሦስት ሰኞ ከምስክር ጋር ትነዳለች። እዚህ ተጽፏል። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም እንጂ ከድሮም ተጽፏል።»

ሉባባ የገድሉን እስክሪብቶ ነጠቀችው። ፊርማዋ ከሳጥኑ ወጥቶ የኅዳጉን ግማሽ ያዘ። ከዚያ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ሳቀች፤ ከሳቁ መሃል ሳቅ ያልሆነም ነበረበት፣ ገድሉ ያን ጊዜ ጎማ የሚያይ መስሎ ወረደ።

ምዘናው አልቋል፤ ስለዚህ መግፋት ይፈቀዳል። ከመንገድ ስድስት ሰው ተሰበሰበ። ገድሉ ጃኬቱን ሉባባ ጭን ላይ ጥሎ ትከሻውን ከኋላ ሰጠ። እንቁራሪቷ አልንቀሳቀስ አለች።

«ኧረ ሴትዮ፣ ፍሪ አድርጊያት!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«እሱንማ እችላለሁ» አለች ሉባባ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ወሬው ከሉባባ ቀድሞ ትርንጎ ጋራዥ ደርሶ ነበር።

«አንቺ ነሽ አሉ የተበላሸሽው።»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እኔ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ መኪናዋን ሳክም።» ትርንጎ ተቀምጣ አሰበች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ከዚያ ሳቋ ሄደ። «ስንቱን መኪና ሜዳ ላይ ሞክሬ ‹ምንም የለባትም፣ እርጅና ነው› ብዬ ሸኘሁ መሰለሽ።» ተነስታ ከመደርደሪያ ብርጭቆ ወረቀት አመጣችና ሸካራውን ወደ ውጭ አድርጋ የማርሹን ራስ ጠቀለለችው። «እጅሽ ሲነካው ይነቃል።»

ገድሉ በዚያው ሳምንት ለመሥሪያ ቤቱ አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፈ። የስልሳ አንዱ መኪኖች ባለቤቶች ይጠሩ፣ ቁልቁለት እንዴት ይወርዱ እንደነበር ይጠየቁ የሚል ነው። ደብዳቤው አልተመለሰለትም፣ ግን አልተቀደደምም፤ በመሥሪያ ቤቱ ልማድ ይህ ደህና ምልክት ነው። መልሱን ሳይጠብቅ አራቱን በራሱ ጊዜ አነጋገራቸው። ሁለቱ አመኑት። አንዱ «የአባቴን አነዳድ አንተ ልትነግረኝ ነው?» ብሎ ከቤት አስወጣው። አራተኛው ባትሪው እንዲወጣ ግድግዳው ሊፈርስ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ገድሉ አላውቅም አለ፤ ከዚያ ሄዶ መሐንዲስ ጠየቀ። ይፈርሳል።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገድሉ ከሉባባ ጎን ተቀመጠ። ለምስክርነት ሌላ ፈቃደኛ አልተገኘም ነበር፤ ገድሉ ብዙ ፈልጌያለሁም አላለም። የኋላ ወንበር ላይ የመርየም የግራ ሌንስ በጥጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ስንት?»

«ሰማንያ ስምንት።»

መንገዱ አዘነበለ። የሉባባ እጅ ከመሪው ወረደ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ነካ፣ እንደተኮሰው ሁሉ ተመለሰ። ገድሉ እያየው ነበር። አልመከረም። ሁለተኛው ኩርባ ላይ እጁ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ አልተነሳም። እግሯም ወለሉ ላይ ተጋድሞ ቀረ። እንቁራሪቷ ራሷን እየያዘች፣ ከጦሳ ተራራ ትከሻ ላይ በሚወርደው የጠዋት ፀሐይ ውስጥ፣ ኩርባውን በኩርባ ተከትላ ወረደች። ማንም አልተናገረም፤ ሴትዮዋም የምታስጠነቅቅበት አልነበራትም።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ገድሉ ሰሌዳዋን አይቶ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አወረደ፤ አነሳው። እንደገና አየ። ቅጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ፣ ገለበጠው፣ የኋላውንም ፈለገ።

«ምን ሆነ?» አለች ሉባባ፣ ፊቷ ተለዋውጦ። «አጠፋሁ? እጄ ሄደ?»

«አልሄደም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ሰማንያ ዘጠኝ ነው» አለ ገድሉ። «ቅጹ ላይ ‹የቀነሰ› የሚል እንጂ ‹የጨመረ› የሚል ቦታ የለም።»

ሉባባ መኪናዋን ወደ ዳር አወጣቻት። ሁለቱም ቁጥሩን አዩት። ከዚያ ገድሉ ማስመሪያ ከኪሱ አወጣ፣ በቅጹ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፣ አናቱ ላይ ‹የጨመረ› ብሎ ጻፈበትና ከሥሩ አንድ ቁጥር አስገባ።

«ሰፋ አድርገው ይተዉት» አለች ሉባባ፣ መኪናዋን ወደ ባቲ መንገድ እየመለሰች። «ገና ሌላ ቁልቁለት አለን።»